የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ቅነሳ ድርድር፦ ስድስቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ስለ ኒውክሌር ጦር መሣሪያ ቅነሳ የሚከታተል ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የስምምነቶች ብዛት ነው። አንዱ መሣሪያውን ጨርሶ ያግዳል፣ አንዱ ቁጥሩን ይገድባል፣ ሌላው አካባቢን ይከልላል፣ ሌላው ደግሞ ሙከራን ብቻ ያስቆማል። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንዱን ከሌላው እንደተሻለ አድርጎ ማወዳደር ይለመዳል። የሚሠሩት ሥራ ግን የተለያየ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጥቂት ባለሙያና ጠባብ በጀት ይዘው ጉልበታቸውን የት እንደሚያውሉ መወሰን ላለባቸው ነው፦ ለውጭ ጉዳይ ባለሙያዎች፣ ለምክር ቤት ኮሚቴ አባላት፣ ለሲቪል ማኅበራት፣ ለዘርፉ ተማሪዎች። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። «አረር» የምንለው ሚሳይል ወይም አውሮፕላን ተሸክሞት የሚሄደውን የሚፈነዳውን ክፍል ነው።

የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋም በጃንዋሪ 2025 በዘጠኝ አገሮች እጅ 12,241 አረሮች እንደነበሩ ይገምታል። 90 በመቶ ያህሉ የአሜሪካና የሩሲያ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም ክምችት ወደ 70,000 ይጠጋ ነበር። ይህን ያህል መውረዱ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀረው ግን አሁንም ከተሞችን ደጋግሞ ለማጥፋት ይበቃል።

መመዘኛዎቹ

ማንኛውንም ስምምነት ከመደገፍ ወይም ከመንቀፍ በፊት ስድስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የሚታሰረው ማን ነው፣ መሣሪያ ያለው ወይስ የሌለው? የሚቆጠረው ምንድን ነው? በምን ይረጋገጣል? ውሳኔ የሚያልፈው በድምፅ ብልጫ ነው ወይስ ሁሉም ሲስማሙ? መውጣት የፈለገ አገር ምን ያህል ጊዜ ይጠብቃል? ተሳትፎው ስንት ሰውና ስንት ሳምንት ይጠይቃል?

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው። በ1987 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የተፈራረሙት የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ስምምነት (አይኤንኤፍ) ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፉ ምድር ላይ የተተከሉ ሚሳይሎችን ሁሉ አስወግዷል። እስከ ጁን 1991 ድረስ 2,692 ሚሳይሎች ተቃጥለው፣ ተፈንድተው ወይም ተቆራርጠው ጠፍተዋል። ስምምነቱ የቆጠረው ግን ሚሳይሉን ነው። ከመውደሙ በፊት አረሩንና የአቅጣጫ መምሪያውን ነቅሎ ማስቀረት የተፈቀደ ነበር። ስለዚህ «2,692 የኒውክሌር መሣሪያዎች ወደሙ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስምምነቱን አላነበበውም። ይህ የስምምነቱን ዋጋ አያሳንሰውም፤ ሚሳይል የሌለው አረር አይተኮስም። ነገር ግን የምትፈልጉት የአረር መፍረስ ከሆነ የሚሳይል ስምምነት ያንን አይሰጣችሁም።

1. የሁለትዮሽ ስምምነት፦ አሜሪካና ሩሲያ

በቁጥር ከተመዘነ ይህን የሚስተካከል የለም። ስታርት አንድ የተባለው የ1991 ስምምነት እያንዳንዱን ወገን በ6,000 አረርና በ1,600 ተሸካሚ (ሚሳይልና ቦምብ ጣይ) ገደበ። በኤፕሪል 2010 ፕራግ ላይ የተፈረመው ኒው ስታርት ለውጊያ ዝግጁ የሆኑትን አረሮች ወደ 1,550፣ የተጠመዱ ሚሳይሎችንና ከባድ ቦምብ ጣዮችን ወደ 700 አወረደ።

ጥንካሬው ከቁጥሩ ይልቅ በፍተሻው ላይ ነበር። በዓመት 18 ፍተሻ ይፈቀድ ነበር፤ አሠራሩም እንዲህ ነበር። ፈታሿ አገር ቡድኗ ከመድረሱ ቢያንስ 32 ሰዓት ቀደም ብላ ታሳውቃለች፤ የትኛው የጦር ሰፈር እንደሚፈተሽ ግን የምትናገረው ቡድኑ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ለቡድኑ የሚሳይሎቹ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ይመርጣል። የሚሳይሉ አፍንጫ ይነሣል፤ አረሮቹ ግን በሽፋን እንደተጋረዱ ናቸው። ፈታሾቹ ከሽፋኑ ሥር ያሉትን ጉብታዎች ቆጥረው ከተሰጣቸው ቁጥር ጋር ያመሳክራሉ። አስተናጋጇ «ይህኛው ኒውክሌር አይደለም» ያለችው ዕቃ ካለ በኒውትሮን መለኪያ ይጣራል። በዚህ መንገድ የጦር ምስጢር ሳይወጣ ውሸት ይጋለጣል። ስምምነቱ በሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት 328 ፍተሻዎች ተካሂደዋል።

ድክመቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የአቆጣጠር ደንቡ፦ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ምንም ያህል ቢሸከም እንደ አንድ አረር ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ 1,550 የተባለው በእውነቱ ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛ፣ መጋዘን ውስጥ ያሉትም ሆኑ የአጭር ርቀት ታክቲካል መሣሪያዎች ከገደቡ ውጪ ናቸው። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፦ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሲበላሽ ስምምነቱም አብሮ ይበላሻል። ፍተሻው በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተጀመረም። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2023 ተሳትፎዋን አገደች። የተራዘመው ጊዜም ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 አበቃ። ስምምነቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ አምስት ዓመት እንዲራዘም ነበር የሚፈቅደው፤ ያ ዕድል በ2021 ተወስዷል።

ቻይናን ወደዚህ ጠረጴዛ ለማምጣት የተደረገው ግፊትም አልተሳካም። ክምችቷ በ2025 ግምት 600 ገደማ ነው፤ ከእሷ ብዙ እጥፍ ያላቸው ሁለት አገሮች ሳይቀንሱ እንዴት እኔ እገደባለሁ የሚል መልስ ትሰጣለች። በሦስትዮሽ ድርድር ላይ ተስፋ የሚያደርግ ሰው «እኩል ጣሪያ» የሚለው ቀመር ለሦስት እንደማይሠራ መጀመሪያ መቀበል አለበት። እኩል ጣሪያ ማለት ለቻይና የመጨመር ፈቃድ፣ ለሌሎቹ ደግሞ በብዙ መቀነስ ማለት ነው።

2. ኤንፒቲ፦ የመሣሪያውን መስፋፋት የሚከለክለው ስምምነት

በ1968 ለፊርማ ቀርቦ በማርች 1970 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ስምምነት 191 አባላት አሉት። ከጃንዋሪ 1967 በፊት የሞከሩ አምስት አገሮችን (አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና) የመሣሪያው ባለቤቶች ብሎ ያውቃል፤ ሌላው እንዳይሠራ ይከለክላል። በ6ኛው አንቀጽ ደግሞ ሁሉም አባል ስለ ትጥቅ ቅነሳ በቅንነት እንዲደራደር ይገደዳል። ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ እስራኤልና ደቡብ ሱዳን አልገቡም፤ ሰሜን ኮሪያ በ2003 መውጣቷን አስታውቃለች።

ዋናው እሴቱ ቁጥጥሩ ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎች የሚያሳድዱት የተወሰነ መጠን አለ፦ 8 ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየም፣ ወይም በከፍተኛ ደረጃ በበለጸገ ዩራኒየም ውስጥ ያለ 25 ኪሎ ግራም ዩራኒየም-235። ከዚህ በላይ ከጠፋ አንድ ቦምብ ሊሠራ ይችላል ተብሎ ይገመታል። መሠረታዊው የቁጥጥር ስምምነት አገሪቱ ያሳወቀችውን ያጣራል። ያላሳወቀችውን ለመፈለግ በ1997 የወጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ያስፈልጋል፤ እሱ ግን በፈቃደኝነት የሚገባበት ነው።

በትጥቅ ቅነሳ በኩል ግን ስምምነቱ ለረጅም ጊዜ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። በየአምስት ዓመቱ ለአራት ሳምንት የሚካሄደው የግምገማ ጉባኤ ሰነዱን የሚያጸድቀው ሁሉም ሲስማሙ ነው። በ2000 አሥራ ሦስት ተግባራዊ እርምጃዎች፣ በ2010 ደግሞ 64 ነጥብ ያለው የሥራ ዕቅድ ጸደቁ። 2005 ያለ ውጤት አለቀ። 2015 በመካከለኛው ምሥራቅ ከጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ነጻ ቀጠና በማቋቋም ጉዳይ፣ 2022 ደግሞ በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ በሩሲያ ተቃውሞ ከሸፉ። የጸደቁትም ቢሆኑ ቀን የተቆረጠላቸው አልነበሩም። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት፣ በዚህ መድረክ ላይ ተጨማሪ ቃል ኪዳን ከመጠየቅ ይልቅ የተገባው ቃል የት እንደደረሰ በቁጥር ሪፖርት እንዲቀርብ መጠየቅ ነው።

3. የእገዳው ስምምነት

ጁላይ 7 ቀን 2017 በተባበሩት መንግሥታት በ122 ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ፤ ጃንዋሪ 22 ቀን 2021 ሥራ ላይ ዋለ። መሥራትን፣ መያዝን፣ መጠቀምን፣ እጠቀማለሁ ብሎ ማስፈራራትን፣ በግዛት ላይ የሌላ አገር መሣሪያ ማስቀመጥን ሁሉ ይከለክላል። ድርድሩ የተሳካው በጠቅላላ ጉባኤው ሥር በድምፅ ብልጫ ስለተካሄደ ነው፤ አንድ አገር ብቻውን ሊያግደው አልቻለም። የዚህ ዋጋ ግን መሣሪያ ካላቸው ዘጠኝ አገሮች አንድም አለመግባቱ ነው።

«ታዲያ ምን ይረባል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሦስት ነገር ይሰጣል። በ6ኛውና በ7ኛው አንቀጽ የሙከራና የጥቃት ተጎጂዎችን መርዳትና የተበከለ መሬትን ማጽዳት ግዴታ አድርጓል፤ ተጎጂዎችን የመርዳት ግዴታ ከዚህ በፊት በየትኛውም የኒውክሌር ስምምነት ያልነበረ ነው፣ ሙከራ ለተደረገባቸው ሕዝቦች ደግሞ እጅግ ይገባል። ከስምምነቱ ለመውጣት 12 ወር ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ ማብቂያ አገሩ በጦርነት ውስጥ ካለ ግዴታው ይቀጥላል። በ2022 ቪየና የተሰበሰቡት አባላትም ቀን ቆረጡ፦ መሣሪያ ያለው አገር ከገባ እስከ 10 ዓመት ድረስ ያወድማል፤ የሌላ አገር መሣሪያ በግዛቱ ያለ ደግሞ በ90 ቀን ያስወጣል።

ለመግባት የሚፈልግ አገር የሚያልፍበት መንገድ ቀላል ነው። ይፈርማል፤ በምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ሰነዱን ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያስገባል፤ ከ90 ቀን በኋላ ስምምነቱ ይጸናበታል። ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ መሣሪያ እንደነበረው ወይም እንዳልነበረው መግለጫ ያቀርባል። ከኤጀንሲው ጋር የቁጥጥር ስምምነት የሌለው በ180 ቀን ድርድር ጀምሮ በ18 ወር ሥራ ላይ ማዋል አለበት። ብዙ አገሮች የሚዘገዩት በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ፈርመው የአገር ውስጥ ሕጋቸው እስኪስተካከል ዓመታት ያልፋሉ። ከፊርማው ጎን ለጎን የማጽደቂያ ረቂቁን ማዘጋጀት ይህን ያሳጥራል።

ትልቁ ክፍተት ማረጋገጫው ነው። አረሮቹ መውደማቸውን የሚያጣራው ተቋም በስምምነቱ አልተሰየመም።

4. ከኒውክሌር ነጻ ቀጠናዎች

ሕዝብ የሚኖርባቸው አምስት ቀጠናዎች አሉ፦ ትላቴሎልኮ (1967፣ ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን)፣ ራሮቶንጋ (1985፣ ደቡብ ፓሲፊክ)፣ ባንኮክ (1995፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ)፣ ፔሊንዳባ (1996፣ አፍሪካ) እና የመካከለኛው እስያ (2006)። የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ምድር በአብዛኛው በእነዚህ የተሸፈነ ነው።

የቀጠናው ስምምነት ሁለት ወለል አለው። የመጀመሪያው የአካባቢው አገሮች ራሳቸውን የሚያስሩበት ነው። ሁለተኛው ፕሮቶኮሉ ነው፤ በእሱ አምስቱ ኃያላን ቀጠናውን በኒውክሌር እንደማያጠቁ ቃል ይገባሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያከብርና ሁለተኛውን ይረሳል። የላቲን አሜሪካውን ፕሮቶኮል አምስቱም አጽድቀዋል። የባንኮኩን ግን አንዱም አልፈረመም፤ ምክንያቱ ቀጠናው ከባሕር ዳርቻ አልፎ የአገሮቹን ብቸኛ የኢኮኖሚ ቀጠና (ሀብቱን ብቻቸውን የሚጠቀሙበትን ባሕር) ስለሚያካትትና የመርከቦቻቸውን እንቅስቃሴ ይገድብብናል ስለሚሉ ነው። ካርታው ሲሰፋ የውጭ ዋስትናው ይጠብባል፤ አዲስ ቀጠና የሚያረቅቅ አገር ይህን ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን አውቆ መግባት አለበት።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። ፔሊንዳባ ከተፈረመ እስከ 28ኛው ማጽደቂያ ድረስ 13 ዓመት ወስዷል።

5. ጄኔቫና የሙከራ እገዳው

በጄኔቫ ያለው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ 65 አባላት አሉት፤ በዓመት ለ24 ሳምንት ይሰበሰባል፤ አጀንዳውን ጭምር የሚያጸድቀው ሁሉም ሲስማሙ ነው። ከ1996 ወዲህ አንድም ስምምነት አላወጣም። ለቦምብ የሚሆን ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ማምረትን ለማገድ በ1995 የተዘጋጀው የድርድር መነሻ እስከ ዛሬ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ክርክሩ ወደፊት የሚመረተው ብቻ ይታገድ ወይስ ያለው ክምችትም ይካተት የሚል ነው። ፓኪስታን ክምችቱ ካልተካተተ ሕንድ ያላትን ብልጫ ያጸናልኛል ትላለች፤ ሕንድ በበኩሏ ክምችቱ እንዲነካ አትፈልግም።

ከዚሁ አዳራሽ የወጣው የመጨረሻ ፍሬ የሙከራ እገዳው ስምምነት ነው። እሱም በጄኔቫ ሲታገድ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ተወስዶ በሴፕቴምበር 1996 ጸደቀ። በሥራ ላይ እንዲውል ስማቸው የተዘረዘረ 44 አገሮች ሁሉ ማጽደቅ አለባቸው፤ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ሕንድና ፓኪስታን ካላጸደቁት መካከል ናቸው፣ ሩሲያም በ2023 ማጽደቋን ሰርዛለች። እንዲህም ሆኖ የመከታተያ አውታሩ ይሠራል፦ የምድር ንዝረት፣ የባሕር ውስጥ ድምፅ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እና በአየር ውስጥ ያለ ጨረር የሚለኩ 321 ጣቢያዎች የታቀዱለት ሲሆን፣ የሰሜን ኮሪያን ስድስት ሙከራዎች በሙሉ ይዟቸዋል። በሕግ ያልጸና ስምምነት በተግባር ዓይን ሆኖ ማገልገሉ ከዚህ ዘርፍ ጥቂት ስኬቶች አንዱ ነው።

6. በፈቃድ የሚወሰዱና አነስተኛ እርምጃዎች

በሴፕቴምበር 1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጎርባቾቭ፣ ያለ አንዳች ስምምነት አብዛኛውን ታክቲካል መሣሪያ ከመርከብና ከጦር ግንባር አወረዱ። በፍጥነት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ፍተሻ ስላልነበረው ግን ዛሬ ማንም ቁጥሩን በእርግጠኝነት ማጣራት አይችልም። ደቡብ አፍሪካ ስድስቱን ቦምቦቿን በራሷ ፈታ በ1991 ኤንፒቲን ገባች፤ ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ ይህን ለሕዝብ የተናገሩት በማርች 1993 ነው። የማበልጸጊያ ፋብሪካው የሥራ መዛግብት ባይጠበቁ ኖሮ ተቆጣጣሪዎቹ ምን ያህል ዩራኒየም እንደተመረተ ማስላት ያዳግታቸው ነበር።

ሕንድና ፓኪስታን ደግሞ በ1988 በተፈራረሙት መሠረት አንዳቸው የሌላቸውን የኒውክሌር ተቋማት አያጠቁም፤ ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን የተቋማቱን ዝርዝር ይለዋወጣሉ። በመካከላቸው ግጭት በነበረባቸው ዓመታትም ልውውጡ አልተቋረጠም። እንዲህ ያለው እርምጃ አንድ አረር አይቀንስም፤ በስሕተት የሚጀመርን ጦርነት ግን ያርቃል።

ሁሉም የሚሰናከሉበት ቦታ፦ አረሩ መፍረሱን ማረጋገጥ

ከላይ ያሉት ሁሉ እስካሁን ያልፈቱት አንድ ቴክኒካዊ ችግር አለ። አረር ውስጥ ፕሉቶኒየም መኖሩን በጨረር መለካት ይቻላል፤ ሙሉው ልኬት ግን የመሣሪያውን አሠራር ያጋልጣል፣ ያንን ማሳየት ደግሞ ኤንፒቲ ራሱ ይከለክላል። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የመረጃ ጋሻ የሚባለው ነው፦ መለኪያው ውስጥ ያለውን ቁጥር ማንም አያይም፤ መሣሪያው «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መብራት ብቻ ያበራል። ታዲያ መሣሪያውን የሠራው ማን ነው? አስተናጋጁ ከሠራው ፈታሹ አያምነውም፤ ፈታሹ ካመጣው አስተናጋጁ ይሰልለኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ በርከት ያሉ ተመሳሳይ መለኪያዎች ተሠርተው በዕጣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለመፈታታት ይወሰዳል። ብሪታንያና ኖርዌይ ከ2007 ጀምሮ ይህን በጋራ ሞክረዋል፤ በ2014 የተቋቋመውም ዓለም አቀፍ የማረጋገጫ ትብብር በዚሁ ላይ ይሠራል። መሣሪያ የሌለው አገር በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው፤ ማረጋገጫውን ማመን ያለበት እሱ ነውና።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | የሚታሰረው | የሚቆጠረው | ማረጋገጫ | ለመውጣት | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሁለትዮሽ (ኒው ስታርት፣ እስከ 2026) | 2 አገሮች | ተሸካሚና የተጠመደ አረር | በቦታው ፍተሻ፣ በጣም ጠንካራ | 3 ወር | ለሌላው አገር ዝግ |
| ኤንፒቲ | 191 አባላት | የኒውክሌር ቁስ | ለሌላቸው ጠንካራ፣ ላላቸው ደካማ | 3 ወር | በ5 ዓመት 4 ሳምንት፣ የዝግጅት ስብሰባዎች ሲታከሉ ይበዛል |
| የእገዳው ስምምነት | ወደው የገቡ | ሁሉም፣ በእገዳ | ለማውደሙ ገና አልተደራጀም | 12 ወር | ቀላል |
| ቀጠና | የአካባቢው አገሮች፣ በፕሮቶኮል ኃያላኑ | በግዛቱ ያለ መሣሪያ | በኤጀንሲው ቁጥጥር | እንደየስምምነቱ | መካከለኛ፣ ረጅም ጊዜ |
| ጄኔቫ | 65 አባላት | ገና ምንም | የለም | የለም | በዓመት 24 ሳምንት |
| በፈቃድ | እርምጃውን የወሰደው | እንደ እርምጃው | አብዛኛውን ጊዜ የለም | በማንኛውም ቀን | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ብቻ ያለው፣ መሣሪያ የሌለው አገር ጄኔቫን በቋሚነት ለመሸፈን አይሞክር። ተጨማሪ ፕሮቶኮሉን ማጽደቅ፣ የእገዳው ስምምነት አባል መሆንና በኦክቶበር የትጥቅ ቅነሳን በሚያየው የጠቅላላ ጉባኤው የመጀመሪያ ኮሚቴ መገኘት በትንሽ ወጪ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በቀጠና ውስጥ ካለ ደግሞ ያልጸደቀውን ፕሮቶኮል እየጠቀሰ ኃያላኑን በስማቸው ይጠይቅ።

በወዳጅ አገር የኒውክሌር ከለላ ሥር ላለ መንግሥት የእገዳውን ስምምነት መፈረም ከያዘው ፖሊሲ ጋር ይጋጭበታል። ለእሱ የታዛቢነት በር ክፍት ነው፤ ጀርመን፣ ኖርዌይ፣ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም በ2022 በዚህ ገብተዋል። ታዛቢ የስብሰባውን ወጪ ይጋራል እንጂ ግዴታ አይገባም።

የላቦራቶሪና የፊዚክስ ባለሙያ ያለው አገር ገንዘቡን በማረጋገጫ ምርምር ላይ ያውል። ፖለቲካው ሲከፈት ዝግጁ ዘዴ ከሌለ በድርድሩ ዓመታት ይባክናሉ፤ ከፖለቲካው በፊት ሊሠራ የሚችል ሥራም ይህ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ መሣሪያ ያለው፣ ግጭት የሚያሰጋው አገር ከቅነሳ በፊት የቀጥታ ስልክ መስመር፣ የሚሳይል ሙከራ ማስታወቂያና የተቋማት ዝርዝር ልውውጥ ይጠይቅ። እነዚህ በወራት ውስጥ ሊፈረሙ ይችላሉ።

ሲቪል ማኅበራት በአሜሪካና በሩሲያ ላይ የሚያደርጉት ግፊት ግልጽ ጥያቄ ይያዝ። «መሣሪያ ይጥፋ» የሚለው መፈክር ለተደራዳሪ መልስ አያስገድደውም። «የ1,550 ጣሪያው ይከበር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የነበረው የመረጃ ልውውጥ ይመለስ፣ ታክቲካሉ ይቆጠር» የሚለው ግን አዎ ወይም አይ ያስብላል።

ማንኛውም አገር ከመፈረሙ በፊት የመውጫ አንቀጹን፣ ሥራ ላይ ለመዋል የሚጠየቀውን የማጽደቂያ ብዛትና ስማቸው ተጠቅሶ ማጽደቅ ያለባቸው አገሮች መኖር አለመኖራቸውን ያንብብ። የሙከራ እገዳውን ስምምነት ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያሰረው ይኸው የመጨረሻው ነው፤ የእገዳው ስምምነት አርቃቂዎች ግን ማንንም በስም ሳይጠሩ 50 ማጽደቂያ ብቻ ስለጠየቁ በሦስት ዓመት ከግማሽ ገደማ ሕግ ሆኗል።